ብሎን ሲጠብቅ የሚጎብጥ ጠመንጃ

የጠመንጃዬ ማነጣጠሪያ መነጽር የሚዞርበት ቦታ አለቀበት። የጎን ማስተካከያውን አዞርኩ፣ አዞርኩ፣ በመጨረሻ ጥግ ነክቶ ቆመ። ጥይቱ ግን አሁንም ከኢላማው መሀል በስተግራ ነው የሚያርፈው። በ100 ሜትር ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ይባስ ብሎ አምስት ጥይት ስተኩስ አንድ ቦታ አይሰበሰብም። ሦስቱ አንድ ላይ ያርፋሉ፣ ሁለቱ ደግሞ አራት ጣት ያህል ዝቅ ብለው ለብቻቸው። ጠመንጃውን ፈትቼ መልሼ ስገጥመው ደግሞ ሁሉም ነገር ሌላ ቦታ ይሄዳል።

ጠመንጃው የማውዘር 98 ዓይነት ነው። ጀርመናዊው ፓውል ማውዘር የነደፈው፣ መዝጊያውን በእጅ እየሳቡ የሚያጎርሱት። እኔ ለኢላማ ተኩስ ብቻ ነው የምጠቀምበት። በርሜሉና ብረቱ የሚቀመጡበት የድሮው እንጨት ተሰንጥቆ ስለነበር፣ ውስጡ በግምት ተጠርቦ የሚሸጥ አዲስ የዋልነት እንጨት ገዛሁና ራሴ ልገጥመው ተነሳሁ። እግረ መንገዴንም ከላይ መነጽር ላስቀምጥበት አሰብኩ። የሁለት ቅዳሜ ሥራ መስሎኝ ነበር። አምስት ወር ፈጀ። ከአምስቱ ወር ሦስቱ የጠፉት ስህተቱን በማይገኝበት ቦታ ስፈልግ ነው። ሌላ ሰው ያን ጊዜ እንዳያባክን ነው ይህን የምጽፈው።

ወደ ሥራው ከመግባቴ በፊት የማይታለፍ ነገር አለ። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። አንዳንዱ ቦታ መነጽር መግጠም ለማንም ክፍት ነው፤ አንዳንዱ ቦታ ግን እንጨት መቀየር እንኳ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይጠይቃል። አስቀድማችሁ አጣሩ። ጠመንጃው ጠረጴዛ ላይ ከመውጣቱ በፊት መዝጊያውን አወጣለሁ፣ የጥይት ቤቱን በዓይኔም በጣቴም አረጋግጣለሁ። ጥይት የሚባል ነገር እዚያ ክፍል አይገባም። ሦስት ነገሮችን ደግሞ ጨርሶ አልነካም። የጥይት ቤቱን ልክ፣ መዝጊያው የሚቆለፍባቸውን ጉጦችና የምላጩን ውስጠ ነገር። እነዚህ ላይ የሚሠራ ስህተት ሰው ፊት ላይ ይፈነዳል። ለእነሱ ባለሙያ አለ። እዚህ የማወራው ስለ እንጨቱ፣ ስለ መነጽሩ መቀመጫና መነጽሩን አቅፈው ስለሚይዙት ቀለበቶች ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት መነጽሩን ነው። ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል። ጓደኛዬ የሚተማመንበትን መነጽር አዋሰኝና ቀየርኩት። ምንም ለውጥ የለም። ያኔ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። እኔ ግን ክብ ሞረድ አነሳሁ። የኋላውን መቀመጫ የብሎን ቀዳዳዎች አሰፋሁና መቀመጫውን ወደ ቀኝ ገፍቼ አጠበቅኩት። የኋላው ወደ ቀኝ ሲሄድ ጥይቱም ወደ ቀኝ ይመጣል፤ ሐሳቡ ትክክል ነበር። እውነትም መሀል መታ። ሰባት ጥይት ያህል። ከዚያ ጠመንጃው በተራገጠ ቁጥር መቀመጫው በሰፋው ቀዳዳ ውስጥ እየተንሸራተተ ወደነበረበት ተመለሰ። ብሎኑ ብረቱን ይዞ የሚያቆየው ጥብቅ ቀዳዳ ሲያገኝ ነው። እኔ ያን ቀዳዳ በገዛ እጄ አበላሸሁት።

እዚህ ላይ አንድ ሒሳብ ያስፈልጋል። በፊት ባውቀው ኖሮ ሞረዱን አላነሳም ነበር። በሁለቱ ቀለበቶች መካከል 10 ሴንቲ ሜትር አለ እንበል። አንደኛው ከሌላው በ0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢዛነፍ፣ ይህ አንድ ሺህኛ ነው። በ100 ሜትር ላይ የአንድ ሺህኛ ዝንፈት 10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 0.1 ሚሊ ሜትር ማለት የተራ የጽሕፈት ወረቀት ውፍረት ነው። አንዲት ወረቀት ከኋላው መቀመጫ ሥር ብትገባ ጥይታችሁ ግማሽ ስንዝር ያህል ከፍ ይላል። ስለዚህ በዓይን «ቀጥ ብሏል» የሚባል ነገር እዚህ ሥራ ውስጥ ዋጋ የለውም። በዓይን ቀጥ ያለ ነገር በኢላማው ላይ ሜትር ሊስት ይችላል።

በመጨረሻ ጠመንጃውን ፈቃድ ወዳላቸው አንድ አንጋፋ ጠጋኝ ወሰድኩት። መነጽሩን ዘወር ብለው እንኳ አላዩትም። ጠመንጃውን ሞርሳው ላይ በጨርቅ አሰሩና የግራ እጄን ያዙ።

«ጣትህን እዚህ ላይ አድርግ» አሉኝ። ግማሹ ጣቴ በርሜሉ ላይ፣ ግማሹ የእንጨቱ ጫፍ ላይ። «አትጫን፣ ዝም ብለህ ንካው።»

ከዚያ ከሥር የፊተኛውን ብሎን በካቻቢቴ ፈቱት። ግማሽ ዙር፣ አንድ ዙር። ከጣቴ ሥር አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ትንሽ ነው፤ ግን ግልጽ ነው። በር ሲከፈት የሚሰማ ዓይነት ስሜት።

«ምን ሆነ?»

«በርሜሉ ከእንጨቱ ከፍ አለ፣ ጋሼ።»

«እንደገና ላጥብቀው።» አጠበቁት። ተመልሶ ወረደ። «አየህ አይደል? ብረቱ እንጨቱ ላይ አልተቀመጠም። ብሎኑ ነው ጎትቶ ያስቀመጠው። ብረቱን እያጎበጥከው ነው የምትተኩሰው።»

ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ብሎኑን እንደ ማቃኛ ስጠቀምበት ኖሬያለሁ። ብሎን የተቀመጠን ነገር መያዝ ነው ያለበት። ያልተቀመጠውን እንዲያስቀምጥ ስታስገድዱት ብረቱ ይጎብጣል፣ እንጨቱ ይጨመቃል፣ ከተፈታ በኋላ ደግሞ ሁለተኛ በዚያው መልክ አይገጥምም። ጥይቶቼ ለሁለት የተከፈሉበትም፣ ፈትቼ በገጠምኩ ቁጥር ቦታ የሚቀያይሩበትም ምክንያት ይኸው ነበር።

የጣቱን ምርመራ ማንም ሰው በአንድ ደቂቃ ሊያደርገው ይችላል። ቁጥር ከፈለጋችሁ ባለመርፌ ዳያል መለኪያ በርሜሉ ላይ እሰሩና መርፌውን የእንጨቱ ጫፍ ላይ አሳርፉ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፍቱ። መርፌው ከ0.05 ሚሊ ሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰ ውስጥ ጭንቀት አለ፣ ብረቱ በግድ ተይዟል ማለት ነው። የኔ 0.3 አለ።

እንጨቱን ከመጀመሪያው ጀመርኩት። የሚያስፈልገኝ ጥላሸት ነበር። የሻማ ጥላሸት ሰብስቤ ከትንሽ ቫዝሊን ጋር ለወስኩት። ይህን የብረቱ ሆድ ላይ በጣም ስስ አድርጎ መቀባት፣ ብረቱን ቀጥ አድርጎ እንጨቱ ውስጥ ማስገባት፣ በመዳፍ ጫን ማለት፣ ቀጥ አድርጎ ማውጣት። ጥቁር የነካው ቦታ ብቻ በመሮ ወይም በፋቂ ይላጫል። ከዚያ እንደገና። ሲነገር ቀላል ነው፤ ትዕግሥት የሚጠይቀው ስትሠሩት ነው።

ሁለት ቦታ ላይ ተሳስቻለሁ። አንደኛ፣ ጥላሸቱን አወፈርኩት። ሲወፍር ያልነካውን ቦታ ሁሉ ያጠቁራል፣ እናንተም ያለ ኃጢአቱ እንጨት ትልጣላችሁ። በብረቱ ላይ ግራጫ ሆኖ እስኪታይ ድረስ መሳሳት አለበት። ሁለተኛ፣ ብረቱን ሳወጣ አወዛወዝኩት። ሲወዛወዝ ግድግዳው ላይ የሚቀረው ጥቁር ውሸት ነው። የወጣበት እንጂ የተቀመጠበት ምልክት አይደለም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ረጃጅም ብሎኖች ጭንቅላታቸውን ቆርጬ ብረቱ ላይ እንደ መሪ አስሬያቸው ነው የማስገባው። ብረቱ በእነሱ ላይ ተንሸራቶ ይወርዳል፣ በእነሱ ላይ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ጥቁሩ እውነት መናገር ጀመረ።

መጀመሪያ ላይ ጥቁሩ የሚታየው በሦስት ነጥብ ብቻ ነው። ከአርባ ጊዜ በላይ አስገብቼ ካወጣሁ በኋላ የፊተኛው ወለል እንደ ነብር ቆዳ ነጠብጣብ ሆነ። ያ ጥሩ ምልክት ነው። በአንድ ጉብታ ላይ የቆመ ብረት ይወዛወዛል፣ በብዙ ነጥብ ላይ የተኛ ግን ዝም ይላል።

በርሜሉና መዝጊያው የሚገናኙበት የብረት አካል፣ ማለትም ሪሲቨሩ፣ ከሥሩ አንድ ጉጥ አለው። እኔ ተረከዝ እለዋለሁ። ጠመንጃው ሲራገጥ ግፊቱን ለእንጨቱ የሚያስረክበው እሱ ነው። ተረከዙ ከኋላው እንጨቱን ሙሉ በሙሉ መንካት አለበት። ከፊቱ፣ ከጎኖቹና ከሥሩ ግን ክፍተት ያስፈልገዋል። የኔ ተረከዝ በግራ በኩል ብቻ ነበር የሚነካው። ስለዚህ በተራገጠ ቁጥር ብረቱ ወደ አንድ ጎን ይዞራል። ይህን ያየሁት በጥላሸት ነው፤ ያለ ጥላሸት ዕድሜ ልኬን አላየውም ነበር።

የሪሲቨሩ የኋላ ጅራት ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ከጅራቱ በስተኋላ አንድ ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ክፍተት ተዉ። አዎ፣ አያምርም። እኔም ልክክ እንዲል ፈልጌ ነበር። የድሮው እንጨቴ የተሰነጠቀው ግን እዚያው ላይ ነው፤ ብረቱ እንደ ሽብልቅ እየገባ ፈልጦታል። ውበቱን ተዉትና ክፍተቱን ስጡት።

ብሎኖቹም በእንጨቱ ቀዳዳ ውስጥ ግድግዳ መንካት የለባቸውም። ቀዳዳውን በባትሪ ብርሃን እዩት። ግድግዳው ላይ የብሎን ጥርስ ምልክት ካለ ብሎኑ የተረከዙን ሥራ እየሠራ ነው። ቀዳዳውን ትንሽ አስፉት።

ቀጥሎ ሙጫው። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ያን ሁሉ የጥላሸት ልፋት ወቅት ይቀይረዋል። ስለዚህ ብረቱ የሚያርፍበትን ወለል በብረት ዱቄት የተደባለቀ ኢፖክሲ ሸፈንኩት። ይህ ሙጫ ከሁለት ቆርቆሮ ተቀላቅሎ የሚደርቅ ነው። የብረቱን ቅርጽ ልክ እንደ ማኅተም ይይዛል። ግን ጥላሸቱን አይተካም። እንጨቱ በደንብ ሳይጠረብ ሙጫ ማፍሰስ ጭንቀቱን በድንጋይ ማስቀረት ነው።

ብረቱ ላይ ሁለት ጊዜ ሰም ቀባሁ፣ እንዳይጣበቅ። የተረከዙን ፊት፣ ጎኖችና ሥር በፕላስተር ሸፈንኩ። ፕላስተሩ ኋላ ሲነሳ ያ የሚያስፈልገው ክፍተት ይቀራል። የብረቱን ጉድጓዶችና ስርጉድ ቦታዎች ሁሉ በልጆች መጫወቻ ጭቃ ሞላሁ። ይህን አትዝለሉት። ሙጫው ስርጉድ ውስጥ ገብቶ ከደረቀ ሰም አያድናችሁም። እንደ ቁልፍ ይቆልፈዋል። እኔ አንድ ነገር ረሳሁ፤ የኋላውን መሪ ብሎን ጥርስ ሰም አልቀባሁትም። በማግስቱ አልፈታም አለ። ያዳነኝ የብየዳ ካውያ ነው። የካውያውን ጫፍ ብሎኑ ላይ አሳርፌ ጥቂት ደቂቃ አሞቅኩት። ኢፖክሲ ሲሞቅ ይለሰልሳል። ብሎኑ ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ፣ እኔም ያኔ ተነፈስኩ።

ከሁሉ በላይ የምለው ግን ይህን ነው። ሙጫው በሚደርቅበት ጊዜ ብሎኖቹን አታጥብቁ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ብሎን ካጠበቃችሁ ብረቱ ይጎብጣል፣ ሙጫውም በጎበጠው ብረት ልክ ይደርቃል። የምታፈሱት ሙጫ ጭንቀቱን ለዘላለም ያጸድቀዋል። እኔ ብረቱን እንጨቱ ላይ ካስቀመጥኩ በኋላ የጎማ ማሰሪያ ለስለስ አድርጌ ጠመጠምኩበት። በርሜሉን መሀል ለማድረግ እንጨቱ ጫፍ አካባቢ የተደራረበ ፕላስተር አስቀመጥኩ። መሪ ብሎኖቹ ቦታውን ይዘዋል፣ አይጎትቱም። 24 ሰዓት ሙሉ አልነካሁትም።

በርሜሉ ነጻ መሆን አለበት ወይስ እንጨቱን መደገፍ? ክርክር አለበት። ቀጭን በርሜል አንዳንድ ጊዜ ጫፉ ላይ ትንሽ ድጋፍ ሲያገኝ የተሻለ ይመታል፣ ይህን አይቻለሁ። የኔ ምክር ግን በመጀመሪያ ነጻ አድርጉት ነው። ወረቀት ከጫፍ እስከ ሪሲቨሩ ሳይያዝ ካለፈ ነጻ ነው ይባላል። አንድ ወረቀት ግን አይበቃም። በርሜል ይሞቃል፣ እንጨት ይለመጣል፣ ስትደገፉበት ይጎብጣል። እኔ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ሰጠሁት።

ሁሉን ገጥሜ የጣቱን ምርመራ ሳደርግ መርፌው 0.02 ላይ ቀረ። ደስ አለኝ። የሚገርመው ግን ኢላማው ላይ ጥይቶቹ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተሰበሰቡም። ከበፊቱ በጣም ይሻላሉ፣ ግን አንድ ነገር ይቀራል። እሱን የማገኘው ኋላ ነው። እስከዚያ ወደ መነጽሩ ልመለስ።

የመነጽሩ ችግር ከእንጨቱ የተለየ ነበር። ሁለት በሽታ አንድ ላይ ሲኖር አንዱ የሌላውን ምልክት ይሸፍናል። ለዚህ ነው ቅደም ተከተሉ የሚያስፈልገው። እንጨቱ ሳይረጋ መነጽር ማስተካከል ከንቱ ድካም ነው።

መቀመጫዎቹን አወጣሁ። አንድ ነገር ወዲያው ታየኝ። የፊተኛው መቀመጫ አንደኛው ብሎን ጫፉ የተፋቀ፣ የሚያብለጨልጭ ነበር። ያ ቀዳዳ የሚከፈተው በርሜሉ ከሪሲቨሩ ጋር በሚታሰርበት ወይም መዝጊያው በሚቆለፍበት አካባቢ ነው። ብሎኑ ከረዘመ ከውስጥ ያለውን ነገር ይገፋል። ከላይ የጠበቀ ይመስላችኋል፤ እሱ ግን ጫፉ ላይ ቆሞ መቀመጫውን ጨርሶ አልያዘውም። መዝጊያችሁ መቀመጫ ከገጠማችሁ በኋላ ከከበደ መጀመሪያ ይህን እዩ። ያን ብሎን አሳጠርኩት። እያንዳንዱ ብሎን የራሱ ቦታ አለው፤ ስትፈቱ ካርቶን ላይ ቀዳዳ ቀድታችሁ በየቦታቸው ሰኳቸው።

ቀጥሎ የመወዛወዝ ምርመራ። መቀመጫው አንድ ወጥ ከሆነ፣ የፊቱን ብሎን ብቻ አጥብቃችሁ የኋላውን በጣት ጫን በሉት። ክፍተት አለ? ይንቀሳቀሳል? ሁለት የተለያዩ መቀመጫዎች ካሉ ደግሞ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ብረት በላያቸው አጋድሙና በብርሃን ላይ እዩ። ማውዘሮች በተለያየ ፋብሪካ፣ በተለያየ ዘመን ተሠርተዋል። ብዙዎቹም ኋላ የወታደር ምልክታቸው ሲፋቅ ወይም የኋላ ድልድያቸው (የሪሲቨሩ የኋላ ቅስት) ሲሞረድ ከፍታቸው ተለውጧል። የኔ ከኋላ 0.15 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ያንን በስስ ላሜራ ሞላሁት። ልዩነቱ ወጣ ገባ ከሆነ ከላሜራ ይልቅ ስስ የኢፖክሲ ንጣፍ ይሻላል፤ ያኔም ያው ሕግ ነው፣ ሲደርቅ አትጎትቱት።

የጎን ዝንፈቱ ግን በላሜራ አይፈታም። ማስመሪያውን ከበርሜሉ ጋር ሳስተያየው የኋላው ብሎን ቀዳዳ ከመሀል 0.7 ሚሊ ሜትር ወጥቶ አገኘሁት። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ሰው በእጅ ትራፓኖ ነድሎታል። ይህ ብቻውን በ100 ሜትር ላይ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። መነጽሩ ማስተካከያው ቢያልቅበት ምን ይገርማል! ሁለት መንገድ ነበረኝ። ቀዳዳውን ባለሙያ ሞልቶ እንደገና በትክክለኛው መስመር እንዲነድለው ማድረግ፣ ወይም የኋላው ቀለበት ግራና ቀኝ በብሎን የሚንቀሳቀስበት መቀመጫ መግዛት። ሁለተኛውን መረጥኩ። የሪሲቨሩን ብረት ደግሜ ማስነካት አልፈለግሁም።

መነጽሩን ከመግጠማችሁ በፊት ማስተካከያዎቹን መሀል አድርጉ። ከጥግ እስከ ጥግ እየቆጠራችሁ አዙሩ፣ ለሁለት ክፈሉ፣ ወደ ግማሹ መልሱ። ከዚያ መዝጊያውን አውጡና ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፉ። በበርሜሉ ውስጥ ከኋላ እያያችሁ 25 ሜትር ላይ ያለ ነጥብ መሀል አድርጉት። ጠመንጃውን ሳትነኩ በመነጽሩ እዩ። መነጽሩ ውስጥ ያለው የማነጣጠሪያ መስቀል ከነጥቡ ከራቀ የምታቀኑት መቀመጫውን እንጂ ማስተካከያውን አይደለም። ማስተካከያው ለመጨረሻዋ ጥቂት ብቻ ይቀመጥ።

ቀለበቶቹን ለማቃናት የሚሸጡ ሁለት ሹል ዘንጎች አሉ። ጫፍ ለጫፍ ሲገናኙ ቀለበቶቹ ቀጥ አሉ ይባላል። እኔ በሹሉ አላምንም። ጫፋቸው ተገናኝቶም ዘንጎቹ አንግል ሠርተው ሊቆሙ ይችላሉ። አዙራችሁ ጠፍጣፋ ጫፋቸውን አገናኙ። በሁለቱ ጠፍጣፋ ፊቶች መካከል ብርሃን በአንድ በኩል ብቻ ከታየ ያጋደለ ነገር አለ። ይህ የበለጠ ይናገራል።

ቀለበቱን ውስጡን በዘንግና በሚፈጭ ቅባት መሞረድም አለ። ለመጨረሻ ማለስለሻ ጥሩ ነው። ከቀለበቱ ውስጥ ሦስት አራተኛው ያህል ከተወለወለ ይበቃል፣ አቁሙ። የተጣመመ መቀመጫን በዚህ ላቅና ካላችሁ ግን ቀለበቱ ይሰፋና መነጽሩን መያዝ ያቅተዋል። የመጀመሪያው መነጽሬ ላይ ሁለት የጭረት መስመር አለ፤ የቀለበቱ ጠርዝ ነክሶት ነው። ቱቦው ሲጎብጥ ውስጡ ያለው ማስተካከያም እኩል አይሄድም። አንድ ቀጭታ (ማስተካከያው ሲዞር ቀጭ የሚልበት እርምጃ) ስታዞሩ ምንም አይሆንም፣ ሦስተኛው ላይ ድንገት ይዘላል። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ መነጽሩን ከመጣላችሁ በፊት ቀለበቱን ፈትታችሁ እዩ።

ክዳኖቹን ስታጠብቁ በመስቀለኛ፣ ትንሽ በትንሽ። በግራና በቀኝ ያለው ክፍተት እኩል ይሁን። ለቀለበት ክዳን ብሎን 2 ኒውተን ሜትር አካባቢ የተለመደ ነው፤ የአምራቹ ወረቀት ሌላ ካለ እሱን ስሙ። የብሎን ማጣበቂያ ፈሳሽ ክዳኑ ላይ አትጨምሩ። እርጥብ እያለ እንደ ቅባት ስለሚያንሸራትት ካሰባችሁት በላይ ትጠብቃላችሁ።

መስቀሉን ቀጥ ለማድረግ ቱንቢ ነው የምጠቀመው። ነጭ ክር ላይ ከባድ ነገር አስሬ ራቅ አድርጌ እሰቅላለሁ። ሪሲቨሩ ላይ ውሃ ልክ አስቀምጬ ጠመንጃውን አስተካክላለሁ፣ ከዚያ የመስቀሉን ቁም መስመር ከክሩ ጋር አገጥማለሁ። ቅርብ ርቀት ለሚተኩስ ሰው ይህ ብዙም አይጎዳም። ራቅ ሲል ግን ይታያል። ጥይቱ 1 ሜትር የሚወርድበት ርቀት ላይ ማስተካከያውን ያን ያህል ከፍ ብታደርጉና መስቀሉ 3 ዲግሪ ዘመም ቢል፣ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ትስታላችሁ። እናንተም ነፋስ ነው ትላላችሁ።

አሁን ያ የቀረው ነገር። ጥይቶቹ ለምን ሙሉ በሙሉ አልተሰበሰቡም? ሁለት ሳምንት ፈለግሁት። የማውዘር 98 የኋላ ብሎን በእንጨቱ ውስጥ የሚያልፍበት የብረት ቱቦ አለው። ቱቦው ብሎኑ እንጨቱን እንዳይጨምቀው ያግዳል። ዛሬ ብዙ ሰው የአሉሚኒየም ምሰሶ የሚያስገባው ለዚሁ ነው። አዲሱን እንጨት ስጠርብ የፊተኛውን ወለል ትንሽ አውርጄው ነበር። እናም የፊተኛው ብሎን ሲጠብቅ ከሥር ያለው የካዝናው (የጥይት መያዣው ሳጥን) የላይ ጠርዝ ከሪሲቨሩ ሆድ ጋር ይጋጫል። ብሎኑ የጠበቀው ካዝናው ላይ እንጂ እንጨቱ ላይ አልነበረም። ያወቅሁት ያንኑ ጥላሸት የካዝናው ጠርዝ ላይ ቀብቼ ነው። በአንድ ጥግ፣ የጥፍር ያህል ቦታ ላይ ጥቁሩ ወደ ሪሲቨሩ ተላለፈ።

የካዝናውን ጠርዝ አልሞረድኩም። ከሞረድ ጋር ከተጣላሁ ቆይቻለሁ። ከሥር ያለው ብረት የሚያርፍበት ወለል ላይ ስስ ኢፖክሲ ጨመርኩ፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ እንዲል። ለፊተኛው ብሎንም የአሉሚኒየም ምሰሶ አስገባሁ። ከዚያ በካዝናው ጠርዝና በሪሲቨሩ ሆድ መካከል ትንሽ ክፍተት ቀረ። እንደዚያ ነው መሆን ያለበት።

ከዚያ የመጨረሻውን ፈተና አደረግኩ። አምስት ጥይት ተኮስኩ። ብረቱን ከእንጨቱ ሙሉ በሙሉ ፈታሁ፣ አጸዳሁ፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቶርክ መፍቻ በዚያው ልክ መልሼ አጠበቅኩ። በብሎኖቹ ጭንቅላት ላይ የቀባሁት የቀለም መስመር ከቦታው ጋር ገጠመ። ሌላ አምስት ተኮስኩ። ሦስት ጊዜ እንዲህ ፈታሁ፣ ሦስት ጊዜ ገጠምኩ። ሃያዎቹም ቀዳዳዎች በአንድ የቡና ሲኒ አፍ የሚሸፈኑ ሆኑ፣ የጎን ማስተካከያውም ከመሀሉ ስድስት ቀጭታ ብቻ ነው የራቀው።